ባለ አደራውን ማን ይጠብቀዋል

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ለመቀበል ቀላል፥ ለመመለስ ግን አስቸጋሪ የሆነው አደራ ነው። ስጦታ የተቀበለ ያመሰግናል፤ ብድር የተቀበለ ይከፍላል፤ አደራ የተቀበለ ግን የራሱ ያልሆነውን ነገር እንደ ራሱ እየጠበቀ፥ እንደ ራሱ ሳይጠቀምበት መኖር አለበት። አባቶቻችን አደራ ሲሰጡ «የሰማይ አደራ፥ የምድር አደራ» እያሉ በሁለት ወገን ማሰራቸው ስለዚህ ነው። አደራ በላ መባልም ሌባ ከመባል ይልቅ የሚያሳፍር ስድብ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌባ የሚሰርቀው በሩን የዘጋበትን ሰው ነው፥ አደራ በላ ግን ቁልፉን የሰጠውን ሰው ነው።

ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ ገንዘብና ስለ ከብት አደራ አይደለም፤ ከሁሉ ስለሚከብደው ስለ መንግሥት አደራ ነው። ይኸውም አንድ መንግሥት ዘመኑ ሲያልቅ ወይም ምክር ቤቱ ሲበተን፥ አዲሱ ተመርጦ እስኪመጣ ድረስ በመካከል ያለውን ጊዜ የሚጠብቀው፥ በቋንቋችን «ባለ አደራ መንግሥት» የተባለው ነው። ስሙን በራዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። ስሙ ያማረ በመሆኑ ብዙ ሰው ከስሙ ዐልፎ አይመረምረውም። ወጣት አንባቢዎቼ ግን ነገ የምትመርጡም፥ ምናልባት የምትመረጡም እናንተ ናችሁና፥ ነገሩን ዛሬ ብትመረምሩት የሚሻል ይመስለኛል።

አንድ አገር ለአንድ ቀንም ቢሆን ያለ መንግሥት ሊያድር አይችልም። የአስተማሪው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ መከፈል አለበት፤ ለሆስፒታሉ መድኃኒት፥ ለእስረኛው ቀለብ መግባት አለበት፤ ምርጫ ይደረጋል ተብሎ ልጅ ከመወለድ፥ ወንዝም ከመሙላት አይቆምም። ስለዚህ በወንበሩ ላይ አንድ ሰው መቀመጡ ግድ ነው። ነገር ግን የተቀመጠው ሰው የሕዝብ ውክልና የለውም፤ የነበረው አልቋል፥ የሚመጣውም ገና አልመጣም። በእጁ ማኅተሙም ጦሩም ግምጃ ቤቱም አሉ፤ በእነርሱ እንዲያዝዝ የፈቀደለት ሕዝብ ግን ፈቃዱን አንሥቶ ሌላውን ሊመርጥ በመሰናዳት ላይ ነው። ይህ እንግዳ የሆነ ሁኔታ ነው።

ይህን ችግር ቤተ ሰብ ከመንግሥት አስቀድሞ ያውቀዋል። አባትና እናት የሞቱበት ሕፃን ቤትና ንብረት ቢኖረው ሞግዚት ይሾምለታል። ሞግዚቱ ቤቱን ያከራያል፥ የወደቀውን አጥር ያስጠግናል፥ ለልጁ ልብስና ደብተር የሚሆነውን ገንዘብ ያወጣል። ቤቱን ልሽጠው ያለ እንደ ሆነ ግን በራሱ ፈቃድ ብቻ አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤተ ዘመድ ጉባኤ ሞግዚቱን እንዲቈጣጠር አድርጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ ቁጥጥሩን ወደ ፍርድ ቤት አዞረው። ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስም ሞግዚቱ ሒሳቡን አቅርቦ ያስረክባል። ልብ አድርጉ፤ ሕጉ ሞግዚቱን ደግ ሰው ሁን ብሎ ብቻ አልተወውም። ደግ ይሁን ክፉ ገና ሳያውቅ፥ የሚያየው ዐይን አቆመበት።

በቤተ መንግሥትም ይህ ነገር ደርሶብናል። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ አልጋ ወራሻቸው ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ስለ ነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ከርሳቸው በኋላ ሌላ እንደራሴ ሳይሾም ቀረ፤ ወጣቱ ልዑልም ዘውድ ሳይደፉ ሥልጣኑን በእጃቸው አደረጉ፤ ነገሩም በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመሻራቸው አለቀ። የዚህን ዘመን ታሪክ የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ልጅ ኢያሱ ጠባይ ነው። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ የአገሩ አደራ ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ነፍስ ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ ነው። ሽማግሌው ሲሞት አደራውም አብሮ ተቀበረ።

ስለ ተጠባባቂነት እኔም በዐይኔ ያየሁት አለ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ፥ ዋናው ሹም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ አዲሱ እስኪሾም ድረስ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ተጠባባቂዎች ተፈራረቁብን። የመጀመሪያው ፈሪ ሰው ነበር። በተጠባባቂነት ፈርሜ በኋላ እጠየቃለሁ ብሎ ስለሚፈራ፥ ለጽሕፈት መኪናው ሪባን ለማስገዛት እንኳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጡረታ ወረቀታቸውን ሊያስፈርሙ ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌዎች በደጁ ላይ ሳምንት ሙሉ ሲቀመጡ አይቻለሁ። «አዲሱ ሹም ሲመጣ» ይላቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን የያዙት ስንቅ አዲሱን ሹም አይጠብቅም። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነበር። በተቀመጠ በወሩ ክፍሎችን አፈረሰ፥ ሰዎችን አዛወረ፤ የበጀቱ ዓመት ሊያልቅ ሲልም የቀረውን ገንዘብ ሁሉ ለማንም በማያስፈልግ ዕቃ ላይ አወጣው። አዲሱ ሹም ሲመጣ የተረከበው ባዶ ካዝናና ግምጃ ቤት ሙሉ ወንበር ነበር።

የሚደንቀው ነገር፥ ሁለቱም የተሾሙበት ደብዳቤ በቃል አንድ ዐይነት ነበር። ቍጥር የሰጠሁት እኔ ስለ ሆንሁ አስታውሰዋለሁ፤ «የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲያከናውኑ» ይላል። አንዱ በዚህ ቃል እጁን አሰረበት፥ ሌላው በዚሁ ቃል እጁን ፈታበት።

እንግዲህ የዓለም ሕገ መንግሥታት ባለ አደራ መንግሥትን ሊወስኑ በሚፈልጉበት ጊዜ የሚጠቀሙበት ቃል ከዚያ ደብዳቤ ብዙ የራቀ አይደለም፤ የዕለት ተዕለት ሥራ ይላሉ። ደመወዝ መክፈል የዕለት ሥራ እንደ ሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። የጦር አዛዥ መሻር የዕለት ሥራ አይደለም ብንል ብዙ ሰው ይስማማናል። በመካከል ያለው ግን ብዙ ነው። ዘመኑ ያለቀውን የነዳጅ መግዣ ውል ማደስ ከየትኛው ወገን ነው? ለሠላሳ ዓመት የሚቆይ የመሬት ኪራይ መፈረምስ? አንድ ሚኒስትር ቢሞት በስፍራው ሌላ መተካትስ? ጎርፍ ሀገር ቢያጥለቀልቅ ከውጭ አገር ገንዘብ መበደርስ? ይህን ሁሉ አስቀድሞ ቈጥሮ የሚጽፍ ሕግ አውጪ አልተወለደም። እኔ በበኩሌ የምመዝንበት ሚዛን፥ የሚመጣው መንግሥት ነገሩን ሳይጐዳ ሊመልሰው ይችላልን የሚለው ነው። የነዳጁ ውል ለሦስት ወር ቢታደስ ተተኪው ይመልሰዋል፤ የሠላሳው ዓመት ውል ግን ተተኪውንም የተተኪውንም ተተኪ ያስራል። ነገር ግን ይህ ሚዛን ቢኖርም የሚመዝነው ማን ነው? ባለ አደራው ራሱ ከሆነ፥ በኛ መሥሪያ ቤት የሆነው በአገርም ይሆናል።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ይህን ነገር በአንቀጽ 60 ደንግጎታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተወካዮች ምክር ቤት ፈቃድ ምክር ቤቱ ዘመኑ ሳያልቅ እንዲበተን ሊያደርግ ይችላል። ወይም ተጣምረው የሚገዙ ፓርቲዎች ጥምረታቸው ቢፈርስና ሌላ መንግሥት መመሥረት ባይቻል ምክር ቤቱ ይበተናል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ መደረግ አለበት፤ በዚያም ጊዜ ሲገዛ የነበረው ፓርቲ ወይም ጥምረት በባለ አደራነት ይቈያል። የሚሠራው የመንግሥትን የዕለት ተዕለት ሥራ ማካሄድና ምርጫውን ማሰናዳት ነው፤ ከዚህ ዐልፎ አዲስ አዋጅ፥ ደንብ ወይም ድንጋጌ ሊያወጣ፥ ነባሩን ሕግም ሊሽር ወይም ሊያሻሽል አይችልም። ድንበሩ በደንብ የተተከለ ነው፤ ይህን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ባለ አደራው ድንበሩን ሲያልፍ የሚያየው ማን እንደ ሆነ በዚያ አንቀጽ ውስጥ አልተጻፈም።

ይህ አንቀጽ በ2012 ዓ.ም. በሰው ሁሉ አፍ ገብቶ ነበር። ለነሐሴ ተቈርጦ የነበረው ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሊደረግ እንደማይቻል የምርጫ ቦርድ ባስታወቀ ጊዜ፥ የምክር ቤቱ ዘመን ደግሞ በመስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የሚያበቃ ስለ ነበር፥ መንግሥት አራት አማራጮችን አቀረበ፤ ምክር ቤቱን መበተን፥ የአስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፥ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፥ ወይም የሕገ መንግሥት ትርጉም መጠየቅ። የተመረጠው የመጨረሻው ነው። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ የሕግ ዐዋቂዎችን በቴሌቪዥን ፊት ሰማ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የነበሩት ምክር ቤቶችና መንግሥት ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ስጋት መሆኑ እስኪያበቃ፥ ከዚያም ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ምርጫ እስኪደረግ ድረስ በሥራ እንዲቈዩ ወሰነ። አንዳንድ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ከመስከረም በኋላ የሽግግር ወይም የባለ አደራ መንግሥት ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ፤ ሌሎች ደግሞ በወረርሽኝ ጊዜ ሕግ ሊያወጣ የማይችል መንግሥት ምን ይጠቅማል ብለው መለሱ። በትግራይ ክልል በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. ለብቻው ምርጫ ተደረገ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነት ተጀመረ። ጦርነቱን ያመጣው ይህ የሕግ ክርክር ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር አላምነውም። ነገር ግን የአንድ መንግሥት ዘመን የሚያልቅበትን ቀንና ከዚያ በኋላ ያለውን ሥልጣን አንዱ እንዲህ፥ ሌላው እንዲያ ሲያነበው ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ፥ የዚያ ዓመት ልጆች የነበራችሁ ሁሉ በቤታችሁ ያያችሁት ነው።

ባለ አደራ መንግሥትን ከሁሉ ይልቅ አጥብቃ የሞከረችው አገር ግን ባንግላዴሽ ናት፤ ታሪኳንም ጥቂት ዘርዝሬ ልነግራችሁ እወዳለሁ። (በዚህ ታሪክና ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጄኔራል ኤርሻድ በ1982 በጦር ኀይል ሥልጣን ይዘው ሲገዙ ኖረው በ1990 መጨረሻ በሕዝብ ዐመፅ ወረዱ። ምርጫውን ማን ያካሂደው ቢባል አንዱ ፓርቲ የሌላውን ሰው አላምንም ስላለ፥ ሁሉም በዳኞች አለቃ በሻሃቡዲን አህመድ ተስማሙ። እርሳቸውም በ1991 ምርጫውን አካሂደው ወደ ዳኝነት ወንበራቸው ተመለሱ። ሥልጣን በእጁ ገብቶ ሳለ ወደ ቀድሞ ሥራው የሚመለስ ሰው በየትም አገር ብርቅ ነው፤ የባንግላዴሽም ሕዝብ ይህን አልረሳውም።

በዚያ ምርጫ ካሌዳ ዚያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የተቃዋሚዎቹ መሪ ሼክ ሐሲና ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ እንደ 1991ዱ ያለ ባለ አደራ መንግሥት በሕገ መንግሥት ይጻፍልን ብለው ሥራ በማቆምና በሰልፍ አገሩን አናወጡት። በፌብሩዋሪ 1996 መንግሥት ብቻውን ምርጫ አደረገ፤ ተቃዋሚዎቹ አልገቡበትም። ከዚያ የተሰበሰበው ምክር ቤት በማርች ወር ዐሥራ ሦስተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጽድቆ ተበተነ። ሕጉ ምክር ቤቱ ሲበተን ሥልጣኑ ለአንድ ዋና አማካሪና ከዐሥር ለማይበልጡ አማካሪዎች እንዲተላለፍ፥ በዘጠና ቀንም ውስጥ ምርጫ እንዲደረግ ያዝዛል። ዋና አማካሪው በመጨረሻ ጡረታ የወጣው የዳኞች አለቃ ነው፤ እርሱ ካልተገኘ ወይም ካልፈቀደ ከርሱ በፊት የወጣው፤ እንዲህ እያለ በደረጃ ይወርድና፥ ሁሉም ቢጠፋ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ይይዘዋል። አማካሪዎቹ የፓርቲ አባል መሆን፥ ዕድሜያቸውም ከ72 ማለፍ የለበትም፤ በሚመጣውም ምርጫ ላለመወዳደር በጽሑፍ ይስማማሉ። የተለመደውን ሥራ ይሠራሉ እንጂ፥ ለዚያ ሥራ ግድ ካልሆነ በቀር የፖሊሲ ውሳኔ አይሰጡም።

ይህን ሕግ የጻፉት ሰዎች ብልሆች እንደ ነበሩ አልክድም። ሁለት ጊዜም ሠራላቸው። በ1996 ፕሬዚዳንቱ የጦሩን አዛዥ በሻሩ ጊዜ አገሩ ሊናወጥ ደርሶ ነበር፤ የባለ አደራው አለቃ ሙሐመድ ሀቢቡር ራህማን ሕዝቡን አረጋግተው በጁን ወር ምርጫውን አደረጉ፥ ተቃዋሚዎቹም አሸነፉ። በ2001 ደግሞ በላቲፉር ራህማን ጊዜ በተደረገው ምርጫ ሥልጣኑ ተመልሶ ወደ ካሌዳ ዚያ ሄደ። ገዢው ፓርቲ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተሸንፎ ወጣ።

ነገር ግን በሕጉ ውስጥ አንድ ትል ነበረበት። ባለ አደራ የሚሆነው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለ ታወቀ፥ ፓርቲዎች ምርጫውን ከማሸነፋቸው በፊት ዳኛውን ማሸነፍ ጀመሩ። በ2004 ገዢው ፓርቲ የዳኞችን የጡረታ ዕድሜ ከ65 ወደ 67 ከፍ አደረገ። ለዳኞች የተደረገ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን በሒሳብ ሲታይ፥ በ2006 የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ በመጨረሻ ጡረታ የወጡት የዳኞች አለቃ ኬ. ኤም. ሐሰን እንዲሆኑ የሚያደርግ ነበር፤ እኚህም ሰው ቀድሞ ከገዢው ፓርቲ ጋር ግንኙነት ነበራቸው ተብለው በተቃዋሚዎቹ ይከሰሱ ነበር። አያችሁን? ዳኛ የተመረጠው ከፓርቲ ውጭ ስለ ሆነ ነው፤ በመመረጡ ግን ፓርቲዎች ሁሉ ዐይናቸውን በዳኝነት ወንበር ላይ ጣሉ። አጥር እንዲሆን የተተከለው እሾህ ራሱ የሚጣሉበት ርስት ሆነ። የፍርድ ቤቱ ክብር ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ተጐዳ ለመናገር እኔ አልበቃም፤ እንደ ተጐዳ ግን አያጠራጥርም።

በኦክቶበር 2006 መጨረሻ በዳካ መንገዶች ላይ ሰው ተገዳደለ። ሐሰን ሹመቱን አልቀበልም አሉ። ፕሬዚዳንቱ ኢያጁዲን አህመድም በመካከል ያሉት ደረጃዎች በሚገባ አልተሞከሩም እየተባለ፥ የዋና አማካሪነቱን ሥልጣን በራሳቸው ላይ ደረቡ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በሕጉ መሠረት ምክር ቤት በሌለበት በዚያ ጊዜ ባለ አደራው መንግሥት ተጠያቂ የሚሆነው ለፕሬዚዳንቱ ነው። አሁን ፕሬዚዳንቱ ባለ አደራ ሆኑ። ስለዚህ አንድ ሰው በጧት የሠራውን ሥራ ከሰዓት በኋላ ለራሱ ያቀርባል፥ ራሱንም መርምሮ መልካም ሠርተሃል ይላል ማለት ነው። ከአማካሪዎቹ አራቱ በዲሴምበር ወር ሥራቸውን ለቀው ሄዱ። ተቃዋሚዎቹም ከምርጫው ወጡ።

በጃንዋሪ 11 ቀን 2007 ጦሩ ከኋላ ቆሞ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ፕሬዚዳንቱ የዋና አማካሪነቱን ሥልጣን ለቀቁ፤ በማግሥቱም የባንክ ዐዋቂ የነበሩት ፋክሩዲን አህመድ ተተኩ። ይህ መንግሥት ምርጫ አሰናድቶ በመሄድ ፈንታ ሙስናን ላጥፋ ብሎ ተነሣ፤ ሁለቱንም የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አሰረ። ለዘጠና ቀን የተሰጠ አደራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ። ለእውነት ስል የሠሩትንም መልካም ነገር ልናገር፤ ፎቶግራፍ ያለበት የመራጮች መዝገብ ከሰማንያ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው አዘጋጁ፤ በዲሴምበር 29 ቀን 2008 የተደረገውም ምርጫ በሰላም አለቀ። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ደግ አደረጉ» ይሉኛል። ቤቱን ያለ ፈቃድ ሸጦ በገንዘቡ ልጁን ያስተማረ ሞግዚት ደግ አደረገን? ልጁ ቢማርም ቤቱን የሸጠበት ሥልጣን ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አይቀርም፤ የሚቀጥለው ሞግዚት ሸጦ ላያስተምር ይችላልና።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በሜይ 2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያልተመረጠ መንግሥት ከዴሞክራሲ ጋር አይስማማም በማለት ማሻሻያውን በአራት ድምፅ በሦስት ሻረው። ቀድሞ ባለ አደራ ይጻፍልን ብለው ሰልፍ የወጡት ሼክ ሐሲና አሁን በሥልጣን ላይ ነበሩና፥ ምክር ቤታቸው በሚቀጥለው ወር ሥርዐቱን ከሕገ መንግሥቱ ፋቀው። በ2014 ተቃዋሚዎች ባልገቡበት ምርጫ ከ300 ወንበሮች ከግማሽ የሚበልጡት ያለ ተወዳዳሪ ተያዙ። በኦገስት 2024 በተማሪዎች ዐመፅ ሼክ ሐሲና ከአገር ሸሹ፤ ሙሐመድ ዩኑስ የሚመሩት ጊዜያዊ መንግሥትም ቆመ፤ ለርሱ ግን በሕገ መንግሥቱ የተዘጋጀ አንቀጽ አልነበረም። በኖቬምበር 2025 ያው ፍርድ ቤት የ2011ን ፍርዱን ሽሮ የባለ አደራውን ሥርዐት መለሰው፤ በሥራ የሚውለው ግን ወዲያው ከሚደረገው ምርጫ በኋላ ለሚመጣው ነው አለ። ደግ ሰው ፍለጋ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆናቸው ማለት ነው።

ሌላ ዐይነት መንገድም አለ። በቤልጅግ በጁን 2010 ከተደረገው ምርጫ በኋላ ፓርቲዎቹ ስላልተስማሙ አዲስ መንግሥት የቆመው ከ541 ቀን በኋላ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ የኢቭ ሌተርም መንግሥት በባለ አደራነት ቈየ። በማርች 2011 በሊቢያ ላይ በተደረገው የጦር ዘመቻ ሀገሪቱ ስትካፈል እንኳ ያው መንግሥት ነበር። ጦር መላክ በማንም ሚዛን የዕለት ሥራ አይደለም። ልዩነቱ ግን አዲስ የተመረጠው ምክር ቤት ተሰብስቦ ነበር፤ ባለ አደራው ጠየቀው፥ እርሱም ፈቀደለት። ስፔንም በ1978 በወጣው ሕገ መንግሥቷ ምክር ቤቱ በተበተነ ጊዜ ከ21 የማያንሱ አባላት ያሉት ቋሚ ጉባኤ ሳይበተን እንዲቈይ አድርጋለች፤ ቤቱ ቢዘጋም መስኮቱ ክፍት ሆኖ ያድራል። እኔ ከባንግላዴሽ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የባንግላዴሽ ሰዎች ሁሉ የደከሙት ማን ይጠብቅ ብለው ነው፤ ጠባቂውን ማን ይየው ለማለት ግን አልበቁም። የቤልጅጉ ባለ አደራ ጻድቅ እንዲሆን ማንም አልጠየቀውም፤ የሚጠይቀው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር እንጂ።

አሁን ወደ አንቀጽ 60 እንመለስ። በእኛ ሕግ ባለ አደራው ከፓርቲ ውጭ የተመረጠ ዳኛ ሳይሆን ገዢው ፓርቲ ራሱ ነው፤ በምርጫውም ይወዳደራል። ይህ ብቻውን አያስደነግጠኝም፤ ብዙ አገሮች እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚያሳስበኝ በሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለተወካዮች ምክር ቤት መሆኑና፥ በእነዚያ ስድስት ወራት ያ ምክር ቤት አለመኖሩ ነው። ዋናው ኦዲተር የመንግሥትን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን የሚያነብለት የለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አለ፥ ፍርድ ቤቶችም የምርጫ ቦርድም አሉ፤ ነገር ግን የባለ አደራውን የየቀኑን ሥራ ተመልከት ተብሎ በስሙ የታዘዘ የለም። እንደ ስፔኑ ያለ ከሁሉም ፓርቲዎች የተውጣጣ አንድ ትንሽ ጉባኤ ሳይበተን ቢቀር ምን ያስቸግር ነበር? ወጪውም ከአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የመኪና ነዳጅ አይበልጥም ባይ ነኝ።

ይህ እስኪሆን ድረስ፥ ያ ጊዜ ቢመጣ እናንተ ልታዩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። በአገራችን አዋጅና ደንብ የሚታተመው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። ምክር ቤቱ ከተበተነበት ቀን ጀምሮ አዲሱ እስኪሰበሰብ ድረስ የወጣውን ጋዜጣ አንድ በአንድ ግለጡት። አዲስ አዋጅ፥ አዲስ ደንብ ልታገኙበት አይገባም፤ ካገኛችሁ ባለ አደራው ድንበሩን ዐልፏል። ይህን ለማየት የሕግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ ይበቃል። በጋዜጣው የማይወጡት ሹመቱ፥ ዝውውሩና ውሉ ናቸው። እነርሱ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ቍጥርና ቀን ተሰጥቷቸው ይቀመጣሉ፤ አዲሱ ምክር ቤትም በመጀመሪያ ስብሰባው የእነዚያን ስድስት ወራት ደብዳቤዎች ዝርዝር አምጡልኝ ሊል ይችላል።